የራሱን ቃል የተናገረው አስተርጓሚ

ጋሽ ተስፉ ማረፉን የሰማሁት ከጸጋ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ደወለችልኝ። አማርኛና ትግርኛ እየቀላቀለች፣ "ሄለንዬ፣ ጋሽ ተስፉ ተለየን" አለችና ከዚያ በላይ መናገር አቃታት። ከኋላዋ የካምፓላው ኦዊኖ ገበያ ጫጫታ ይሰማኛል። ልባሽ የልጆች ልብስ የምትሸጥበት መደብ ላይ ቆማ ነበር የምታለቅሰው።

በማግስቱ ታናሽ ወንድሙ ከናይሮቢ ደረሰና በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ጠየቀኝ። "ስድስት ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል፤ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም" አለኝ። ወረቀት አወጣሁ። የተወለደበትን ቦታና የወላጆቹን ስም ጻፍኩ። ትምህርት የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ።

"የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በአሰብ አጠናቀቀ ብለሽ ጻፊ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስድስት ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። ሌላ ምን ሊባል ነው?"

እንዳለኝ ጻፍኩ። እንደዚያው ተነበበ። ሐዘንተኛውም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ይህን የምጽፈው ያንን ዓረፍተ ነገር ለማረም ነው።

የምንሠራው ካምፓላ ውስጥ ስደተኞችን በሚረዳ አንድ ድርጅት ነበር። ቢሯችን ናካዋ፣ ከጂንጃ መንገድ ገባ ብሎ ነው። እኔ የባለጉዳዮችን ታሪክ ሰምቼ እመዘግባለሁ፤ እሱ ያስተረጉማል። ቅጥርም የገባው እንደ ሌላው በማመልከቻ አልነበረም። ዱሮ ከበሩ ውጭ ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከፊትና ከኋላው ለቆሙት ሰዎች ያስተረጉም ነበርና የያኔው ኃላፊ በመስኮት አይቶት ነው ይባላል። አማርኛና ትግርኛ አሰብ ከቤትና ከሰፈር፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ከወደቡ ለቅሟል። ካምፓላ ስዋሂሊና ሉጋንዳ ጨመረችለት። ቦዳ ከሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ነጂዎች ጋር በሉጋንዳ ሲቀልድ ለሰማው እዚሁ የተወለደ ይመስል ነበር።

ረጅም ነው፤ ቀጭን፤ ጸጉሩ አጭርና ነጭ። መጀመሪያ አካባቢ አንቱ ስለው "አንቱ አትበይኝ፣ ገና ወጣት ነኝ" ብሎ ከለከለኝ። እንደ ሌሎቹ አስተርጓሚዎች ቦርሳም እስክሪብቶም አይዝም። ባለጉዳዩ ሲናገር ዓይን ዓይኑን ያየዋል፤ አንድ ነገር በሰማ ቁጥር አንድ ጣቱን ያጥፋል። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ሳያቋርጡ ብዙ ደቂቃ ተናገሩ። እሱ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ፣ የሞቱባቸውን ልጆች ስም በቅደም ተከተል፣ ማልቀስ የጀመሩበትን ቦታ እንኳ ሳይስት ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። "ቃሉ የነሱ ነው፣ አፉ ብቻ የኔ" ይል ነበር።

ወረቀት ግን አይነካም። "ወረቀቱን አንቺ አንብቢ፣ እኔ ሰውየውን ልይ" ይለኛል። የሥራ መርሁ ይመስለኝ ነበር፤ አዳዲስ ሠራተኞችንም ከጋሽ ተስፉ ተማሩ እላቸው ነበር። የአስተርጓሚዎች ኃላፊ ሁን ሲሉት ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። ትሕትና ነው ብለን አደነቅነው።

እውነቱን ያወቅሁት ሙንዮንዮ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ሥልጠና ላይ ነው። ጠረጴዛውን ከብበን ተቀምጠናል። አሠልጣኟ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አደለችንና በተራ አንድ አንድ አንቀጽ ጮክ ብለን እንድናነብ ጠየቀች። ጋሽ ተስፉ ከጎኔ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ነው ተራው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "የሐይቁ ነጸብራቅ ዓይኔን ወጋው፤ የእኔን አንቀጽ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ" አለኝ። በሹክሹክታ አነበብኩለት።

ከእኔ በፊት ያለው ሰውዬ ስልክ ተደውሎለት ወጣ። ስለዚህ እኔ የሱን አንቀጽ አነበብኩ፤ ለጋሽ ተስፉ የእኔ ደረሰው። እሱ ግን ወረቀቱን ፊቱ ላይ ይዞ፣ በሹክሹክታ ያነበብኩለትን አንቀጽ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ተናገረው።

"ይቅርታ፣ ከሱ በላይ ያለው ነው" አለች አሠልጣኟ።

"አ፣ ቸኮልኩ" አለና ሳቀ። የወረቀቱን ጫፍ የያዙት አውራ ጣቶቹ ነጭ ሲሆኑ አየሁ። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። እኔ "መነጽሩን አልያዘም፣ እኔ ላንብብለት" ብዬ ቀማሁት።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እኔና እሱ ሐይቁ ዳር ቀረን። እሱ ወደ ውኃው ዞረ።

"ሀ ሁ ሂ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ እወርደዋለሁ" አለኝ። "ከመሀል አንዷን ነጥለው 'ይቺ ማን ናት?' ሲሉኝ ግን አላውቃትም። ለ፣ ሰ፣ በ አንድ ላይ ይጨፍሩብኛል። ዛሬ የለየሁት ነገ ሌላ ነው። መምህሩ ጠጠር ላይ ያንበረክከኝ ነበር። እንግሊዝኛ ይሻለኝ ይሆን ብዬ ሞከርኩ፤ እሱም ያው ነው። በዐሥር ዓመቴ ትቼ ወደብ ገባሁ።"

"ለማንም ነግረህ አታውቅም?"

"ደደብ መሆኔን አምኛለሁ፣ ሄለን። ደደብ መሆኔን ሰው እንዳያውቅብኝ ግን በጣም ብልጥ መሆን ነበረብኝ።" ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ አየ። "በየቀኑ ቢሮ ስገባ 'ዛሬ ነው የሚያውቁብኝ' እያልኩ ነው። አዲስ ክፍል ከገባሁ መጀመሪያ የማየው በሩ የት እንዳለ ነው።"

ለማንም እንዳልናገር ማልኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱ እስር ቤት የእኔም ሆነ። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ወረቀት ይኖር ይሆን ብዬ እጨነቃለሁ። አዲስ ኃላፊ መጥታ የአስተርጓሚዎች መመሪያ ስታወጣ፣ ክፍሌን ዘግቼ አነበብኩለት። አስተርጓሚ ከራሱ አንድም ቃል አይጨምርም ይላል። ማንበብና መጻፍ የግድ ነውም ይላል። እስከ መጨረሻው ሰማና "የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለኝ። ቦታውን በጣቴ አሳየሁት።

ከዚያ የዮዲት ጉዳይ መጣ። ዮዲት የጸጋ ልጅ ናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ፒ ስሪ፣ ማለትም ሦስተኛ ክፍል። የትምህርት ክፍያዋን ከፍሎ የሚያስተምራት ድርጅታችን ነበር። ትምህርት ቤቱ ስለ ልጅቷ እንነጋገር ብሎ እናቷን ሲጠራ፣ ጸጋ ከትግርኛ ሌላ ብዙም ስለማትናገር ጋሽ ተስፉና እኔ አብረናት ሄድን። እኔ ትግርኛ እሰማለሁ እንጂ መናገር አልችልም።

የዋና መምህርቷ ቢሮ ጠባብ ናት። ስድስት ሰው ታጭቀን ተቀመጥን፤ ዋና መምህርቷ፣ ወጣቱ የክፍል አስተማሪ፣ እኛ ሦስታችን፣ እና ግድግዳው ሥር ዮዲት።

"ልጅሽ ሰነፍ ናት" አለች ዋና መምህርቷ፤ ጋሽ ተስፉ ተከትሎ ተረጎመ። "ስትናገር እንደ ትልቅ ሰው ናት። ወረቀት ስንሰጣት እልኸኛ ትሆናለች። ሆዴን አመመኝ ትላለች፣ ሽንት ቤት ልሂድ ትላለች። ብትፈልግ ትችላለች፤ አትፈልግም።"

"በቀበቶ መትቻታለሁ" አለች ጸጋ። "እስክታነብ ድረስ እራት ከልክያታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?"

ጋሽ ተስፉ ይህንንም ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አስተርጓሚ የሚናገረው በተናጋሪው አፍ ስለሆነ "በቀበቶ መትቻታለሁ" ያለው እሱ ነበር። ሲል ድምፁ ሲሻክር ሰማሁ። ዮዲት እናቷን ትታ እሱን አየችው።

አስተማሪው መጽሐፍ ገለጠና ለዮዲት ሰጣት። "አንብቢ፣ እንግዶቹ ይስሙ።"

ልጅቷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛ ጀመረች። ዝናብ ስለያዛቸው ሁለት እኅትማማቾች አንድ ታሪክ፣ ሳትደነቃቀፍ፣ በጥሩ ድምፅ። አስተማሪው ሳቅ አለ።

"ገጹ ስለ ፍየል ነው! ዝናቡን ባለፈው ሳምንት ነው ለክፍሉ ያነበብኩላቸው። ይኸው እንዲህ ነው የምትቀልድብን።"

ዋና መምህርቷ አልሳቀችም። "የዚህች ልጅ አእምሮ ለትምህርት አልተፈጠረም። ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ክፍል ትውረድ፣ አለዚያም የእጅ ሥራ የምትማርበት ቦታ ፈልጉላት። ለድርጅታችሁም ይህንኑ እንጽፋለን።"

ጋሽ ተስፉ አንድ ጣቱን አጥፎ እንደያዘ ቀረ።

"ምን አለች?" አለች ጸጋ። "ጋሽ ተስፉ፣ ምን አለች?"

"ጋሽ ተስፉ" አልኩት እኔም።

"ይሄን አልተረጉምም" አለ በአማርኛ። ከዚያ ወደ ዋና መምህርቷ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ "እመቤቴ፣ ከአሁን ጀምሮ የምናገረው የማንንም ቃል አይደለም። የእኔ የተስፉ ነው። ይቺ ልጅ አልቀለደችባችሁም። ሰምታ ያዘችው እንጂ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች እኔ አሳያችኋለሁ" አለ።

መጽሐፉን ከዮዲት እጅ ቀስ ብሎ ወሰደ። ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረገ።

የመጀመሪያውን ቃል አገኘው። ሁለተኛው ላይ ቆመ። አንድ ድምፅ አወጣ፣ ተወው፤ ሌላ ሞከረ፣ ተመለሰ። መስመሩ ጠፋበትና ከላይ ጀመረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ አልጠረገውም። ውጭ ልጆች እየጮሁ ኳስ ይጫወታሉ። የአስተማሪው ፈገግታ ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ። በቃህ ልለው ፈለግሁ። አንዲት መስመር ናት። እስኪጨርሳት ድረስ ማንም መነሳት ያልቻለባት መስመር።

ዮዲት ከግድግዳው ተነስታ አጠገቡ መጣች። ጣቱን እያየች በትግርኛ ጠየቀችው።

"ፊደሎቹ እርስዎም ጋ ይዘላሉ?"

"ሁልጊዜ" አላት።

"እኔ ጋ ብቻ መስሎኝ ነበር።"

ጸጋ ይህን ስትሰማ የመታችበትን እጇን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ዋና መምህርቷ ክፉ ሴት አልነበረችም። መጽሐፉን ተቀብላ ዘጋችው። "አዝናለሁ" አለች። "ግን እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ውሳኔዬን ልለውጥ አልችልም። ደግሞስ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት የድርጅታችሁ አስተርጓሚ ሆነ?"

ይህንኑ ጥያቄ ለቢሯችን ጻፈችው። ኃላፊያችን ጠርታ በቦታው የነበርሽው አንቺ ነሽና ሪፖርት አቅርቢ አለችኝ። የእኔም ውል የሚታደሰው በዚያ ወር ነበር። እንዲህ ስል ጻፍኩ፤ "አስተርጓሚው ከመመሪያው ውጪ የራሱን ሐሳብ ተናግሯል፤ ማንበብ እንደማይችልም በአንደበቱ አሳውቋል።" አንድም ውሸት የለበትም። ለምን እንደተናገረ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ባይኖርም ከጀርባው መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም።

በሳምንቱ ጋሽ ተስፉ ፖስታ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠ። ለስድስት ዓመት እንዳደረገው፣ "አንብቢልኝ" አለኝ።

የስንብት ደብዳቤ ነው። ማንበብ ጀመርኩ። መሀል ላይ "ከመመሪያው ውጪ የራሱን ሐሳብ" የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

"ይሄ ያንቺ አነጋገር ነው" አለኝ። የእያንዳንዱን ሰው አነጋገር ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ነበረው።

"አዎ" አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ እፎይ እል ነበር። "ቀጥዪ" አለኝ፤ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብኩለት። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለሁሉም ሰላምታ እየሰጠ ወጣ።

ቤቱ ቁጭ ይላል ብዬ ነበር። ለካ ከማግስቱ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በር እየዞረ ኖሯል። ዘበኛውንም፣ ምግብ አብሳይዋንም፣ አስተማሪውንም በሉጋንዳ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። "እዚህ ማንበብ የሚያቅተውን ልጅ ትመታላችሁ ወይስ ታስተምራላችሁ?" የሚስቁበት ነበሩ፤ የሚያባርሩትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። "አንዲት አስተማሪ አገኘሁ። ዮዲትን ተቀብላታለች። ደግሞ ስም አለው፣ ሄለን! ዲስሌክሲያ ይባላል። ስልሳ ሁለት ዓመት ሲያስረኝ የኖረው ነገር ስም አለው።"

ቲቸር ግሬስ ትባላለች። ትምህርት ቤቷ ትንሽ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። እኔንና ጸጋን አስቀምጣ፣ ጋሽ ተስፉ እያስተረጎመ፣ በእርጋታ አስረዳችን። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም፤ አእምሯቸውም አልጎደለም። ፊደልን ከድምፁ ጋር የሚያያይዘው መንገድ እነሱ ጋ ጠመዝማዛ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። ዱላ ደግሞ መንገዱን ጨርሶ ይዘጋዋል። "አንድ ፊደል፣ አንድ ድምፅ፤ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም" አለች። ልጆቹ በትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ ፊደሉን በጣታቸው እየጻፉ ድምፁን ጮክ ብለው ይላሉ። ሲያነቡ፣ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ገጹ ላይ ያደርጋሉ። ሳይዘጋጁ ሰው ፊት እንዲያነቡ አይገደዱም። ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርላቸዋል፤ የሚያውቁትንም በቃላቸው እንዲመልሱ ይፈቀድላቸዋል።

ድርጅቱ ዮዲትን እዚያም ማስተማሩን እንዲቀጥል እንደገና ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። በዚህኛው ጊዜ የቅጹን ጀርባ ከላይ እስከ ታች ሞላሁት። ተፈቀደ።

ጸጋ ቀኑን ሙሉ ኦዊኖ ስለምትውል ዮዲትን የሚያመላልሳት ጋሽ ተስፉ ሆነ። መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጦ ያያል። ቲቸር ግሬስ አንድ ቀን ምንም ሳትለው የአሸዋ ትሪ ፊቱ አስቀመጠችለት። አራት ሳምንት ያህል ሞከረ። ስሙን መጻፍ ቻለ፤ ከዚያ ሦስት ፊደል ያላቸው ቃላት ማንበብ ጀመረ። ታዲያ አንድ ቀን ትሪውን አንስታ በምትኩ አንድ ገጽ ስትሰጠው ብድግ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዮዲትን በር ላይ ያደርስና ውጭ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ይጠብቃታል።

ለምን እንደተወው ጠየቅሁት።

"አሁን የሚያስቸግረኝ ፊደሉ አይደለም" አለኝ። "ወረቀት ሳይ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ ያለሁ ይመስለኛል። ጉልበቴን ያመኛል፣ እውነቴን ነው የምልሽ። ከዚያ መነሳት አልቻልኩም። እሷ ግን ገና ልጅ ናት፤ እሷ ትውጣ።"

ኑሮ ከበደው። ሆስፒታል ለሚሄድ፣ ቤት ለሚከራይ ሰው እያስተረጎመ፣ በሚሰጡት ይተዳደር ነበር። አልፎ አልፎ ሻይ እንጠጣለን። አንድ ጊዜ፣ "ጋሽ ተስፉ፣ ስለዚያ ሪፖርት…" ብዬ ጀመርኩ። "ሻይሽ ቀዘቀዘ" አለኝና ስለ ሌላ ነገር አወራ። ደግሜ አልሞከርኩም። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ወይስ ነገሩን ማንሳት እንኳ ጠልቶ፣ አላውቅም። የሁሉንም ሰው ሐሳብ ለሌላው ያደርስ የነበረ ሰው ይቺን አንዲቷን ሳይነግረኝ ሄደ። በልብ ሕመም ተኝቶ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም።

ከቀብሩ በኋላ ከጸጋና ከዮዲት ጋር በአንድ ታክሲ ተመለስን። እንደ ሁልጊዜው የጂንጃ መንገድ በመኪና ተዘግቶ ነበር። ናካዋ ጋ ስንደርስ ጨርሶ ቆምን። ሙቀቱ ያፍናል፤ ሰው ተጨናንቋል፤ ጸጋ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ ደግፋለች። ዮዲት አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፒ ፋይቭ። አሁንም ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ዘግይታ ነው የምታነበው፤ አሁንም ለ"ዲ" "ቢ" ትላለች፣ ግን ራሷ ታርመዋለች።

ከመንገዱ ማዶ የአንድ ብረት ብየዳ ቤት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ አለ። ጣቷን መስኮቱ ላይ አድርጋ ለራሷ ስትጀምር ሰማኋት።

"ቦ… አይደለም። ዶ… ዶርስ። ኤንድ…"

ታክሲው ድንገት ተንቀሳቀሰ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። መቀመጫዋ ላይ ተንበርክካ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ ሰሌዳው ከሌሎች መኪናዎች ጀርባ እስኪሸፈን ድረስ ተከተለችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች።

"ዊንዶውስ" አለች። ብረት ቤቱ ከኋላችን ርቆ ቀርቶ ነበር።